ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ፊዚክስ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በኢንተርኔት ፊዚክስ ስለ መማርና ስለ ማስተማር ናቸው። አራቱን እነሆ።

«የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቤተ ሙከራ የለንም። ኔትወርክም የማገኘው ከተማ ስወጣ ብቻ ነው። የኦንላይን ትምህርት ለእኛ ምን ይፈይዳል?»

ብዙ ይፈይዳል መምህር። ኔትወርኩ የሚያስፈልግዎት አንድ ጊዜ ነው። ከተማ ሲወጡ «ፌት» (PhET) የሚባለውን ድረ ገጽ ይክፈቱ። በአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ነጻ የሲሙሌሽን፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሠራ ምናባዊ ሙከራ፣ ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ናቸው። ወደ አማርኛ የተተረጎሙም አሉት። ዳውንሎድ ካደረጉት በኋላ ያለ ኢንተርኔት በላፕቶፕ ይከፈታል። በፍላሽ ገልብጠው ለጎረቤት ትምህርት ቤት መምህርም ይስጡ። ከኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተተ ያገናኛል። ተሳስቶ ሾርት ቢያደርገው የሚቃጠለው ስክሪኑ ላይ ያለው ባትሪ ነው።

ግን ነገሩ ስክሪን ላይ እንዳይቀር አደራ። የፔንዱለሙን ሲሙሌሽን ከማሳየትዎ በፊት ድንጋይ በክር አስረው ከጣሪያው እንጨት ላይ ያንጠልጥሉ። ክሩ 1 ሜትር ይሁን። በትንሹ ገፋ አድርገው ይልቀቁትና 20 ጊዜ ደርሶ መልስ ሲል በስልክ ይለኩት። 40 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አሁን ክሩን 25 ሳንቲሜትር ያድርጉትና ከመልቀቅዎ በፊት ተማሪዎቹን ያስገምቱ። ብዙዎቹ «10 ሰከንድ» ይላሉ፤ ክሩ ሩብ ሆኗላ! ሲለካ ግን 20 ይመጣል። ክፍሉ ሲንጫጫ፣ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎቹ ሲነሳ፣ ያኔ ሲሙሌሽኑን ይክፈቱላቸው።

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቴሌግራም ላይ የፊዚክስ ቪዲዮ ሳይ ሁሉም ይገባኛል። ራሴ ጥያቄ ልሥራ ስል ግን ያቅተኛል።»

እህቴ፣ ቪዲዮው ላይ የሚሠራው አስተማሪው ነው። ያንቺ እጅ ገና አልሠራም። ጥያቄው ተነቦ እንዳለቀ ቪዲዮውን አቁሚው። ሥዕሉን ሣይ፤ የተሰጠሽንና የተጠየቅሽውን ጻፊ፤ 10 ደቂቃ ታገዪው። ከዚያ ቀጥዪ። አንድ አጭር ቪዲዮ አንድ ሰዓት ቢፈጅብሽ ይፍጅ።

«ቨርጂኒያ የምኖር መሐንዲስ ነኝ። አገር ቤት ላሉ ተማሪዎች ማታ ማታ በዙም ፊዚክስ ላስተምር አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

ሐሳብዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ዙሙን ግን ደግመው ያስቡበት። እርስዎ ከሥራ ወጥተው እራት ሲበሉ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፏል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋም ትምህርቱ ከመሃል ይቆረጣል፤ ተማሪውም ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል። ከዚህ ይልቅ አንድ መምህር ያግኙና ተማሪዎቹ የት የት እንደሚቸገሩ ይጠይቁት። ለእያንዳንዷ ችግር የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጸው ይላኩለት። ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ ፋይሉ ቀላል ይሁን። ሰሌዳው ከተነበበና ድምፅዎ ከተሰማ በቂ ነው።

በየትኛው ቋንቋ ላስረዳ እንደሚሉ እገምታለሁ። በአማርኛ ለለመዱት በአማርኛ ያስረዱ፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ግን አይጣሉት። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ፎርስንም፣ ኢነርጂንም፣ ፓወርንም «ኃይል» ወይም «ጉልበት» እንላቸዋለን። በፊዚክስ ግን ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ግድግዳ የሚገፋ ሰው ፎርስ አሳርፏል፤ ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ ግን ግድግዳው ላይ የተሠራ ወርክ የለም፤ በፊዚክስ ወርክ የሚባለው ፎርሱ ነገሩን ሲያንቀሳቅሰው ነውና። ተማሪው «እንዴ፣ ደክሞኝ የለ እንዴ?» ይላል። የመጀመሪያ ቪዲዮዎን እዚህ ላይ ቢሠሩ ብዙ ተማሪ ይገላገላል።

«ልጄ ‹ለጥናት ነው› እያለ ስልኬን ይወስዳል። ልመነው?»

አብረውት ይሞክሩ እናቴ። በጀርመኑ አኸን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ «ፊፎክስ» (phyphox) የሚባል ነጻ አፕ አለ። በሁለት ስልክ ይጫኑት፤ ከዚያ ኢንተርኔት አይፈልግም። ድምፅ ሲሰማ የሚጀምር፣ እንደገና ሲሰማ የሚቆም ሰዓት አለው። ስልኮቹን 10 ሜትር አራርቁና እርስዎ አንዱ ጋ፣ ልጅዎ ሌላው ጋ ቁሙ። መጀመሪያ እርስዎ ያጨብጭቡ፣ ቀጥሎ እሱ። ሁለቱ ስልኮች የመዘገቡት ሰዓት በጥቂቱ ይለያያል። 20ን (የ10 ሜትሩን እጥፍ) ለልዩነቱ ያካፍል። ወደ 340 የተጠጋ ቁጥር ከመጣ፣ ድምፅ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚጓዝ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ለካችሁ ማለት ነው።