ልጄ ሲጠባ ለምን ትን ይለዋል?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ ከተወለደ 24 ቀኑ ነው። አገጩ ትንሽና ወደ ኋላ የገባ ሲሆን፣ ሲወለድ ያዩት ሐኪም ላንቃው ከኋላ በኩል ክፍት መሆኑን ነግረውኛል። ጡት ሳጠባው ጥቂት ስቦ ይተወዋል፤ ትን ይለዋል፤ ወተቱም በአፍንጫው ይመለሳል። በጀርባው ሳስተኛው ያንኮራፋል፤ አንዳንዴ ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ ከንፈሩ ይጠቁራል። አማቴ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» እያሉ ያስጨንቁኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ትንፋሹ የሚቋረጥና ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን በዕለቱ ሆስፒታል መድረስ አለበት። መጽሔቱ እስኪታተም መጠበቅ ስለማይገባ ይህንኑ በስልክ ነግረንዎታል፤ እዚህ የምደግመው ተመሳሳይ ምልክት ለሚያዩ ሌሎች ወላጆች ነው።

ሕፃኑን ሳልመረምር የበሽታውን ስም መወሰን አልችልም። ሆኖም ትንሽ አገጭ፣ ወደ ኋላ የሚወድቅ ምላስና የትንፋሽ መታፈን አብረው ሲገኙ፣ በ1923 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዳዩ በጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም «ፒየር ሮባን» ይባላል። ችግሩ የሚጀምረው በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ነው፤ የታችኛው መንጋጋ በበቂ ሁኔታ ሳያድግ ሲቀር ምላስ ቦታ አጥቶ ወደ ላይ ይቆያል፣ የላንቃው ሁለት ጎኖችም እንዳይገናኙ ያግዳል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ ሕፃኑ በጀርባው በተኛ ቁጥር ያው ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። የእርስዎ ጥፋት የለበትም።

ብዙ እናቶች ችግሩን የጡት ችግር አድርገው ያዩታል። ሕፃን ግን መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት አለበት፤ ለመተንፈስ የሚታገል ልጅ ጡቱን የሚተወው ጠልቶት ሳይሆን አየር ፍለጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ትንፋሹ ነው። በጎኑ ወይም በሆዱ ሲተኛ ምላሱ በራሱ ክብደት ወደ ፊት ስለሚመጣ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ጤናማ ሕፃን መተኛት ያለበት በጀርባው ስለሆነ ግን ይህን በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ካልሆነ በቀር ቤት ውስጥ በራስዎ አይሞክሩት። ካልበቃ በአፍንጫ በኩል እስከ ጉሮሮ የሚደርስ ለስላሳ ቱቦ ይደረግለታል፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋቸው የከበደባቸው ናቸው።

ላንቃው ክፍት የሆነ ልጅ አፉ ውስጥ አየር ስለሚገባ ወተት የመሳብ ኃይል አያገኝም፤ የተበሳ ስትሮ ለመምጠጥ እንደመሞከር ነው። የራስዎን ወተት አልበው፣ ቀና አድርገው ይዘውት፣ በእጅ በሚጨመቅ ለስላሳ ጡጦ በዝግታና እያሳረፉ ይስጡት፤ አሠራሩን ግን አስቀድመው ከጤና ባለሙያ ይማሩ። ከ30 ደቂቃ በላይ የሚወስድ ከሆነ ልጁ ካገኘው ይልቅ የሚያወጣው ጉልበት ይበልጣልና፣ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ መመገቡ ለጊዜው የተሻለ ነው። በእጅ ማጋት ግን ወተቱን ወደ ሳንባው ሊወስደው ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ፤ የአብሽ ውኃና ቅቤም እንዲሁ ይቅሩ። በየሳምንቱ ያስመዝኑት፤ በዚህ ዕድሜ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ይጠበቅበታል።

አማትዎ የሚናገሩት ለልጅ ልጃቸው ተጨንቀው ነው፤ በዚህ ነገር ግን እሺ አይበሏቸው። ላንቃው ሲከፈት እንጥሉም አብሮ የተሰነጠቀ ነውና «የወረደ» ነገር የለም። መቁረጥ ደምና ኢንፌክሽን ያመጣል፤ በዚያው በጠበበ ጉሮሮ ላይ የሚፈጠር እብጠት ደግሞ ትንፋሹን ጨርሶ ሊዘጋው ይችላል።

ላንቃው በቀዶ ጥገና የሚዘጋው ትንፋሹና ክብደቱ ከተስተካከሉ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ነው፤ የላንቃና የከንፈር መሰንጠቅ ሕክምናን በሚረዳው ዓለም አቀፍ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ በስማይል ትሬይን፣ ድጋፍ በነፃ የሚሰጥ ሕክምናም አገራችን ውስጥ አለ። እስከዚያው ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም ስለሚያዘወትረው መስማቱን፣ ዓይኑንም ጭምር ያስመርምሩ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የልደት ክብደቱ የተጻፈበትን ካርድ ይያዙ። ሲተኛና ሲመገብም በስልክዎ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ሐኪሙ ፊት ሲደርስ ነቅቶ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላልና።