ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት ሦስቱን ከርቮች እዩ

ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ሆናችሁ ብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር) ለምትማሩ ልጆች፣

ሞሽን ፓዝ ብላችሁ የምታሳዩት፣ ኦብጀክቱ የሚሄድበት ባለ ነጠብጣብ መስመር ማሳያ ብቻ ነው። ዳታው ያለው ግራፍ ኤዲተር ውስጥ፣ ቦታው በየፍሬሙ እንዴት እንደሚለወጥ በሚይዙት በኤክስ፣ በዋይና በዜድ ከርቮች ላይ ነው። መስመሩን በእጅ እየጎተታችሁ ለማረም የምትጽፉት የፓይተን ስክሪፕትም የሚነካው እነዚህን ነው።

የጓሳ ጭላዳ ከገደል ጫፍ ወደ ታችኛው እርከን ሲዘል ልትሠሩ ነው እንበል። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ኪፍሬሞቹ (ቦታውን ራሳችሁ የምትመዘግቡባቸው ፍሬሞች) 1 እና 13 ላይ ናቸው። በዚህ ግማሽ ሰከንድ፣ ወደ ላይ ሳይነሳ አግድም ከተስፈነጠረ፣ 1.2 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሀንድሎቹን (ከርቩን የሚያጎብጡትን እጀታዎች) በሲሶ በሲሶው አስቀምጡ፦ የመጀመሪያው ኪፍሬም ቀኝ ሀንድል ፍሬም 5 ላይ፣ የሁለተኛው ግራ ሀንድል ፍሬም 9 ላይ፤ በሦስቱም ከርቮች። ያኔ የሦስቱ ሀንድሎች ዋጋ ተገጣጥሞ በእጅ የሚጎተት አንድ ነጥብ ይወጣዋል። የአንዱ ከርቭ ቀኝ ሀንድል ፍሬም 5፣ የሌላው ከርቭ 7 ላይ ከሆነ ግን ያ ነጥብ የለም፤ መስመሩም ባላሰባችሁት በኩል ይጎብጣል። ብዙ ስክሪፕት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የዜድ ዋጋዎች መነሻ 1.2፣ ቀኝ ሀንድል 1.2፣ ግራ ሀንድል 0.8፣ ማረፊያ 0 ይሁኑ። ወደ ፊት የሚሄድበት ከርቭ ላይ ሀንድሎቹ በርቀቱም ሲሶና ሁለት ሲሶ ላይ ይሁኑ። የስበት ቅስት ልክ ይመጣል። (ዓይኔ ይበቃኛል የሚል አኒሜተር ብዙ ነው፤ ለዝላይ ግን ቁጥሩ ይሻላል።)

የሀንድሎቹን ዓይነት አስቀድማችሁ ፍሪ አድርጉ። አውቶ ከሆኑ፣ ከርቩን አፕዴት ስታደርጉት ብሌንደር ያስቀመጣችሁትን ሽሮ የራሱን ያሰላል። በስክሪፕት የኪፍሬሙን ነጥብ ብቻ ካንቀሳቀሳችሁም ሀንድሎቹ በነበሩበት ይቀራሉ፤ ነጥቡንና ሁለቱን ሀንድሎቹን በእኩል አንሱ። ከዚያ አፕዴት፣ ቀጥሎ ሞሽን ፓዙን እንደገና ማስላት።

ፓረንት (ተከትሎት የሚንቀሳቀስ ሌላ ኦብጀክት) ያለው ኦብጀክት ሌላ ራስ ምታት ነው። ነጠብጣቦቹ የሚታዩት በዓለም መለኪያ፣ ከርቩ የተጻፈው በፓረንቱ መለኪያ ነው፤ ስለዚህ የዓለሙን ቦታ በፓረንቱ ማትሪክስ ኢንቨርስ (ከዓለም ወደ ፓረንቱ መለኪያ በሚመልሰው) አባዙ። ፓረንቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ስሌቱ በየፍሬሙ ይደረግ።

ከብሌንደር 4.4 ጀምሮ አክሽን (ከርቮቹ የሚቀመጡበት ዳታ) በስሎት፣ ማለትም በየኦብጀክቱ ክፍል፣ ስለሚከፈል፣ የቆየ ስክሪፕት ከመገልበጣችሁ በፊት ለየትኛው ቨርሽን እንደተጻፈ እዩ። የፓይተን ማኑዋሉ በዚፕ ይወርዳል፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዱት።