አጎትሽ የፈለጉት ዲግሪሽን ነው

«ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በኬሚስትሪ ተመርቄ ዘጌ ቤተሰቦቼ ጋ ነኝ። ምኞቴ ማስተርስ ተምሬ ከዕፅዋት ፈዋሽ ንጥረ ነገሮችን መለየት ነው። አጎቴ ግን የአያቴን የሥር ዱቄት በብልቃጥ አሽገን ባንቺ ስም እንሽጥ ይላል። እንቢ ስል ‹ያስተማርንሽ ለዚህ ነው?› እባላለሁ። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው።»

እህቴ፣ አጎትሽ አይቀየሙኝና፣ የፈለጉት ዲግሪሽን ነው። ብልቃጡ ላይ «ኬሚስት» ሲለጠፍ ዋጋው ይጨምራል። ሰው ሲታመም ግን የሚጠራው ያንቺ ስም ነው።

የአያትሽን እውቀት መናቄ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ የመግደል ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። ግን አይተው አላሸጉትም፤ ዓመታት ፈተኑት።

ከአሪቲ ዘመድ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን ያገኙት ቻይናዊቷ ቱ ዩዩም መጀመሪያ አልሠራ ብሏቸው ነበር። ለካ ሙቀቱ እያበላሸው ነው። ኤተር በሚባል ፈሳሽ፣ ሙቀቱን ቀንሰው ሲያወጡት ሠራ፤ በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። ቅጠሉ ያው ነው፣ አወጣጡ ተለየ። እስቲ አጎትሽን ጠይቂያቸው፦ የክረምትና የበጋ ሥር እኩል ጉልበት አለው? ስንት ማንኪያ? እርጉዝ ብትወስደውስ? ኮሶ እንኳ ትሉን እያስወጣ፣ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል።

«ያስተማርንሽ» ለሚሉት ከደሞዝሽ ትከፍያለሽ። በስምሽ አይከፈልም።

ደሞዙ እንዲመጣ ማስተርሱን ለጊዜው አቆዪው። እዚህ ላይ ላዳላ እችላለሁ፤ እኔ ማስተርስ ጀምሬ ብር አልቆብኝ አቋርጫለሁ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ሠራሁ። ተማሪ ሳለሁ በግራዋ ጭማቂ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ለመለየት፣ ሲሊካ የሚባል ነጭ ዱቄት በሞላ የመስታወት ቱቦ አፍስሼ፣ አረንጓዴው ቀለበት እስኪወርድ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜአለሁ። ሃያ ስምንት ብልቃጥ ሰበሰብኩ፤ የረባው አንዱ ብቻ ነበር። ፋብሪካው የቀጠረኝ ግን ለዚያ አንዱ ብልቃጥ አይደለም፤ መለየትና መለካት ስለቻልኩ ነው። አንቺም የመድኃኒት፣ የዘይት ወይም የቢራ ፋብሪካ ጥራት ክፍል ሁለት ዓመት ሥሪ።

እንግሊዝኛው? በቀን አንድ ገጽ የምርምር ጽሑፍ አንብቢ።

አያትሽ በሕይወት ካሉ ግን በዚህ ሳምንት አብረሻቸው ጫካ ግቢ። ተክሉን ከነአበባው በጋዜጣ መሃል አድርቂ። የት፣ መቼ፣ የቱ ክፍል እንደተቆረጠ በደብተር ጻፊ። ደብተሩን ለማንም ከማሳየትሽ በፊት ደግሞ እሳቸውን አስፈቅጂ።