ስልኩ «አልቋል» ቢላችሁም ሄዳችሁ ምረጡ

የምርጫ ቀን ነበር፤ እዚህ ቨርጂኒያ። ቡና የምጠጣበት ቤት አንድ የማውቀው ልጅ ተቀምጧል። ኡበር ነው የሚሠራው። «መረጥክ?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ አልቋል እኮ!» ብሎ ስልኩን አዞረልኝ። በኛ የምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት የአንዱ ስም አጠገብ 87 በመቶ ይላል። ልጁ የሚደግፈው እሱኑ ነው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጣቢያው የሚዘጋው ምሽት 1 ሰዓት ነው።

ካልሺና ፖሊማርኬት በሚባሉት የትንበያ ገበያዎች ላይ የምታዩት ቁጥር የተቆጠረ ድምፅ አይደለም። ሕዝብ ተጠይቆ የተገኘም አይደለም። ዋጋ ነው። «እገሌ ያሸንፋል» የሚለው ውል 87 ሳንቲም ይሸጣል። ካሸነፈ ለገዛው 1 ዶላር ይከፈለዋል፤ ከተሸነፈ ባዶ እጁን ይቀራል። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ስለሚገባ ዋጋው ብዙ ሰው ያሰበበት ነው። የአንድ ትንሽ የምርጫ ክልል ገበያ ግን ጭር ያለ ነው። አንዱ በ76 ሳንቲም እገዛለሁ ይላል፣ ሌላው ከ84 በታች አልሸጥም ይላል፤ ፖሊማርኬት ላይ የሁለቱ መሃል፣ 80፣ ይወጣል። በ80 የገዛም የሸጠም ላይኖር ይችላል! ጥቂት መቶ ዶላር የያዘ ሰው ደግሞ ብቻውን ዋጋውን ብድግ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ ስክሪንሾቱ በቴሌግራም ይዞራል።

እሺ፣ ቁጥሩ ልክ ነው እንበል። 87 በመቶ ማለት እኮ ከመቶ 13 ጊዜ ይሸነፋል ማለት ነው። ሳንቲም ሦስቴ ወርውራችሁ ሦስቱንም ጎፈር ሲወጣ አይታችሁ አታውቁም? ዕድሉ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

እዚሁ ቨርጂኒያ የሆነውን ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 2017 ኖቬምበር፣ ኒውፖርት ኒውስ ባለው 94ኛው የምርጫ ክልል፣ ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሲሞንድስ ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳደሩ። መጀመሪያ ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። ድጋሚ ሲቆጠር ሲሞንድስ በ1 ድምፅ በለጠች፤ 11,608 ለ11,607። በማግስቱ ዳኞች አንዲት የምርጫ ወረቀት አነሱ። የሁለቱም ክብ ጠቁሯል፣ በሲሞንድስ ላይ ግን ጭረት አለበት። ለያንሲ ትቆጠር አሉ። እኩል ሆኑ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ ሁለቱ ስሞች ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብተው ዕጣ ወጣ። ያንሲ አሸነፈ፤ ፓርቲውም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዘ። እሷ ብትወጣ 50 ለ50 ይሆን ነበር። የግዛቱን ምክር ቤት ማን ይምራ የሚለው በአንዲት ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ያን ዕለት ከሥራ ደክሞት ገብቶ «የኔ አንድ ድምፅ ምን ትለውጣለች» ብሎ የተኛ ሰው እንዳለ አልጠራጠርም። ሁሌም አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ይህን ለልጁ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ቡናውን ሳይጨርስ ተነሳ፣ እኔም አብሬው ሄድኩ። ጣቢያው የአንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነው። ከፊቱ የተሰለፉት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

እናንተም የሥራችሁ ሰዓት የማይመች ከሆነ ቀኑን አትጠብቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠት ይጀመራል። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን አስተካክሉ፤ የምርጫ ክልላችሁም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ፣ ማንም «ችግር የለም» ቢላችሁ በእነዚህ ምርጫዎች እንዳትመርጡ፤ ዜጋ ነኝ ብላችሁም ቅጽ እንዳትሞሉ። ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። በሜሪላንድ እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ከተሞች ዜጋ ላልሆነ ነዋሪ ይፈቅዳሉ፤ እሱም ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው።