ሰፈር ሲነሣ የዕድርና የነዋሪ ኮሚቴ ሥራ፦ ጥያቄና መልስ

ከአራዳ፣ ከልደታና ከቂርቆስ ነዋሪዎች የተሰበሰቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

“ሰፈራችን ይነሣል” ይባላል፤ ደብዳቤ ግን የለም። ስብሰባ እንጥራ?

ስብሰባው ይቆይ፣ ቆጠራው ይቅደም። የወረዳው መዝገብ የሚያውቀው የቤት ቁጥርን ነው። በአንድ ቁጥር ሥር አራት ቤተሰብ ለየብቻ በር አውጥቶ ይኖራል፣ ውሉ ላይ ያለው ስም ግን ድሮ ያረፉት አባት ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ኋላ አንድ ምትክ ብቻ ይወጣለትና እኅትማማቾች ችሎት ይቆማሉ።

በየቤቱ ይህን መዝግቡ፦ የቤት ቁጥር፤ የይዞታው ዓይነት (ቀበሌ፣ ኪራይ ቤቶች፣ ባለካርታ፣ ሰነድ አልባ)፤ ውሉ በማን ስም እንደሆነ፤ ስንት ደባልና ስንት ተከራይ እንዳለ፤ ክፍሉ በሜትር ሲለካ ስንት እንደሆነ፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ቁጥር፤ እቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ (እንጀራ ጋገራ፣ ልብስ ስፌት፣ ጉሊት)። የቤት ቁጥሩና በሩ አብረው የሚታዩበት ፎቶ ይነሣ። ባለቤቱ ወይም ተከራዩ ሉሁ ላይ ይፈርም። አንዱ ቅጂ ከሰፈሩ ውጭ የሚኖር ሰው ጋ ይቀመጥ።

ውሉ በሟች ስም ከሆነ ዛሬውኑ የሞት ምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥታችሁ ስም ማዛወር ጀምሩ። ቤቱ ላይ የሚነሣ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ከተደረገ በኋላ የስም ዝውውር ይታገዳል ብላችሁ ተዘጋጁ።

ኮሚቴው ስንት ሰው ይሁን?

ሰባት ይበቃል። ከየይዞታው ዓይነት ቢያንስ አንድ ሰው ይግባ፤ የቀበሌ ቤት ተከራይና ባለካርታ ጥቅማቸው ስለሚለያይ አንዱ ለሌላው አይደራደርም። ደላላ ባይገባ ይሻላል። ቃለ ጉባኤ በየስብሰባው ይጻፍ፣ እዚያው ይፈረም።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ካሳ ያገኛል?

የቀበሌ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰ የመንግሥት ቤት ስለሆነ ተከራዩ የቤትና የቦታ ካሳ አይጠይቅም። የተለመደው ምርጫ ሁለት ነው፦ ምትክ የቀበሌ ቤት፣ ወይም ኮንዶሚኒየም በቅድሚያ። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 44(2) በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሁሉ በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። “ኑሮው የተነካ” የሚለው ለጉሊት ነጋዴዋም ይሠራል። ደብዳቤያችሁ ላይ አንቀጹን ጥቀሱ፣ ከቆጠራው ላይ የሥራውን ዝርዝር አያይዙ።

ኮንዶሚኒየሙን ብወስድ የቅድሚያ ክፍያውን ከየት ላምጣ?

በ20/80 አንድ አምስተኛውን ከፍለው ቀሪው የባንክ ብድር ይሆናል። ለምሳሌ ቤቱ 1,000,000 ብር ቢሆን ቅድሚያው 200,000 ነው። ሃያ ሰው በወር 10,000 ብር ዕቁብ ቢጥል በየወሩ አንድ ሰው ይሞላለታል። ችግሩ የቤቱ ክፍያ ቀነ ገደብ የዕቁቡ ዕጣ እስኪደርስ አይጠብቅም። ስለዚህ ዕቁቡ ሲመሠረት “የቤት ውል እንዲፈርም የተጠራ ዕቁቡን ቀድሞ ይወስዳል” የሚል ደንብ ይጻፍበት፣ ቀድሞ የወሰደም ዋስ ይጥራ። የዕድሩ የቀብር ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይግባ።

ከቅድሚያው የሚብሰው ወርኃዊው ነው። ብዙ ሰው ቤቱን አከራይቶ መልሶ ጠባብ ክፍል የሚከራየው የባንኩ ክፍያና የታክሲው ወጪ ተደምሮ ስለሚከብደው ነው። ገቢዎ ከፒያሳ ወይም ከመርካቶ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት የአንድ ወር ደርሶ መልስ ታክሲ አስልተው ከብድሩ ጋር ይደምሩ። እንጀራ ለሚጋግሩም አራተኛ ፎቅና ምድር ቤት አንድ አይደሉም።

ጎረቤት እንዳይበተን ማድረግ ይቻላል?

የሚቻለው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ነው። በአንድ ሳይት፣ ከተቻለም በአንድ ብሎክ እንድትመደቡ የአባወራዎች ዝርዝር ያለበት ማመልከቻ ለወረዳውና ለክፍለ ከተማው አስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። አቅመ ደካሞችና አካል ጉዳተኞች ምድር ቤት እንዲያገኙ ለብቻ ዘርዝሩ። ቁልፍ ከተረከባችሁ በኋላ መቀያየር በየግል ልመና ስለሚሆን እምብዛም አይሳካም።

የግል ቤት ተከራይ ነኝ። ለእኔስ?

በአብዛኛው ምትክ ቤት አይደርስዎትም፤ ይህን ደብቆ ተስፋ የሚሰጥ ኮሚቴ አይመኑ። መያዣዎ የተመዘገበ ውል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም።

ካሳው አንሷል። ወዴት እንበል?

መጀመሪያ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። የካሳው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ለቅሬታ የሰጠው 30 ቀን ነበር። አዋጁ በ2016 ስለተሻሻለ በዚያ ቁጥር ተማምናችሁ አትቆዩ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አስገቡ። “አነሰ” ብቻ አይበቃም፤ የተተወውን ግምት (ወጥ ቤት፣ አጥር፣ ጉድጓድ፣ የውኃ መስመር) በስሙ ጠርታችሁ ልኬቱን አስቀምጡ። ቀኑ የሚሮጠው የማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሰበት ዕለት ነውና የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉበት።

ውጭ አገር ማኅበር መሬት ይዞ ቤቱን በርካሽ ይሰጣል ይባላል። እዚህስ?

ቦስተን ውስጥ የደድሊ ጎዳና ነዋሪዎች ማኅበር በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) በሰፈሩ ባዶ ቦታዎችን የመውረስ ሥልጣን ከከተማው አግኝቶ መሬቱን በአደራ ይዟል፤ ቤቱ ሲሸጥ ዋጋው ገደብ አለው። እኛ ዘንድ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ማኅበር መሬት አይገዛም። የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን የሊዝ ይዞታ ሊያገኝ ይችላል፤ ለመኖሪያ የሊዙ ጣሪያ 99 ዓመት ነው። የዳግም ሽያጭ ገደቡን በመተዳደሪያ ደንብ ማስገባት መሞከር የሚገባው ሐሳብ ነው።

ዕድሩን እናፍርስና ገንዘቡን እንካፈል የሚሉ አሉ።

ቢያንስ ሁሉም ቤት እስኪረከብ አትካፈሉ። በባንክ ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለቱ በተለያየ ሳይት የሚገቡ ይሁኑ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ከግምጃ ቤት ሳይወጣ ተቆጥሮ የተረካቢው ስም ይጻፍበት፤ በማፍረስ ሳምንት የሚጠፋው ንብረት ይህ ነው።