ዋንዛው ለምን ይጠቁርብኛል?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ዘንድሮ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ) ማሽን ገዝቼ በዋንዛ ላይ የበር ቅርጽ አወጣለሁ። ጠርዙ፣ ከሁሉም በላይ ማዕዘኑ፣ እየተቃጠለ ይጠቁራል። ፑንታው (የሚሽከረከረው መቁረጫ) 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ባለ ሁለት ስለት ነው። ካም ሶፍትዌሩ (ሥዕሉን ወደ ማሽኑ ትእዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም) ላይ በደቂቃ 18,000 ዙርና 1,500 ሚሊ ሜትር ጉዞ ሞልቻለሁ። ጉዞውን ወደ 1,000 ባወርደው ጭራሽ ባሰበት። አንድ ቀን ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ የጠርሙስ ክዳን አሳክሎ ቆረጠልኝ።

መልስ፦ ያባሰው ጉዞውን ማውረድዎ ነው። እኔም ታምሜበታለሁ፤ ማሽኑ ሲጮህ ልብ ይርዳል፣ እጅም ሳያስቡት ፍጥነት ወደ መቀነስ ይሄዳል። በዚህ ፍርሃት ለሠርግ ቤት የታዘዘ በር አቃጥዬ ሁለት ሌሊት በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ አድሬአለሁ። ቫርኒሽ ሲቀባ ጥቁሩ መልሶ ብቅ አለ።

አሁን ከማሽኑ ሥር የወደቀውን ሰጋቱራ ይዝገኑ። እንደ ጤፍ ዱቄት ልሞ በመዳፍዎ መስመሮች ውስጥ ከገባ፣ ስለቱ እንጨቱን እየፈተገው እንጂ እየቆረጠው አይደለም። ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው ወፈር ያለው ፍቅፋቂ ነው፤ ዱቄቱ ግን ሙቀቱን እዚያው ይተወዋል።

ሒሳቡ ይህ ነው። ዙሩን በስለቱ ቁጥር ያባዙ፦ 36,000። 1,500ን ለዚህ ሲያካፍሉ እያንዳንዱ ስለት የሚነክሰው 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1,000 ደግሞ 0.03 እንኳ አይሞላም። እኔ በዋንዛ ላይ የምጀምረው ከ0.1 ነው፦ ዙር 15,000፣ ጉዞ 3,000፣ በአንድ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት። መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ይሞክሩት። ስለቱ ከደነዘ ግን ሒሳብ አያድነውም፤ ይለውጡት።

የማዕዘኑ ነገር ለብቻው ነው። ማሽኑ ለመታጠፍ ቀስ ይላል፣ ፑንታው ግን መሽከርከሩን አይቀንስም፤ ስለዚህ እዚያው ቆሞ ያቃጥላል። ሥዕሉ ላይ የውስጥ ማዕዘኑን በ5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያጉብጡት። የፑንታው ራዲየስ 3 ስለሆነ ሳይቆም ዞሮ ያልፋል። ደንበኛው ስል ማዕዘን ካለ በመሮ ይጨርሱለት፤ መሮ ገና ጡረታ አልወጣም።

ክቡ? 60 ሳንቲ ሜትር 23.6 ኢንች ነው። ሶፍትዌሩ በኢንች ጻፈ፣ ማሽኑ በሚሊ ሜትር አነበበ። ፋይሉን ሲያወጡ የሚሊ ሜትሩን ፖስት ፕሮሰሰር (ትእዛዙን ማሽኑ በሚገባው መልክ የሚጽፈውን) ይምረጡና በኖትፓድ ከፍተው ከላይ ጂ21 (G21) የሚለው ትእዛዝ መኖሩን ይዩ፤ እሱ ሚሊ ሜትር፣ ጂ20 ኢንች ነው። ከዚያም ፑንታውን ከእንጨቱ ከፍ አድርገው አንድ ዙር በአየር ላይ ያስኬዱት። እኔ ይህን ዘልዬ የማሽኔ ጠረጴዛ ላይ የቀረጽኩት ግማሽ አበባ እስካሁን አለ።