መልስ፦ ትሪፖዱን ዋልካ መሬት ላይ ስለማቆም

ወንድሜ፣ ባለ 3 ሜትሩን የአየር ሁኔታ መለኪያ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ዋልካ ላይ እንዴት ላቁመው ላልከው፣ መጀመሪያ ቀና ብለህ እይ። ቢወድቅ እንኳ የመብራት መስመር የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ዋናው ጣጣ አፈሩ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አጭር ካስማ አይዝም። የሚሰነጠቀውን የላይኛውን አፈር አልፈህ ቆፍርና ለእያንዳንዱ እግር ብሎን የተቀበረበት ኮንክሪት ሙላ። ምሰሶውን በውሃ ልክ አቅናው፤ የዝናብ መለኪያው ካዘመመ ንባቡ ይዛባል። ሦስቱን የመወጠሪያ ሽቦዎች ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ፤ አንዱን ብቻ ከወጠርክ ምሰሶውን ይጎትተዋል። ልጆችና ከብት እንዳይጠለፉም ደማቅ ጨርቅ እሰርባቸው።

ብቻህን አታቁመው፣ ሰማዩ ካጉረመረመም ተወው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ውሃ ልኩን መልሰህ እይ።